ሦስት ጀሪካን ወይስ አንዲት መርጫ?

ሜክሲኮ ጠዋት ላይ ምን እንደምትመስል ያየ ያውቃታል። ባቡሩ ከላይ ሰው ያራግፋል፣ ታች የታክሲ ሰልፉ ይጠማዘዛል፣ በኮሜርስ በኩል ተማሪው ይጎርፋል። ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ወደ ሰንጋ ተራ ያሉት የባንክ ሕንጻዎች የሠራተኞቻቸውን መኪና አንድ በአንድ ይውጣሉ። ውስጥ ቦታ ያላገኘ ውጭ ፈልጎ ያቆማል። ከዚያ በኋላ እነዚያ መኪኖች እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ንቅንቅ አይሉም። አቧራ ለብሰው ባለቤታቸውን ይጠብቃሉ።

«ትታጠብ?» የሚለው ድምፅ የሚመጣው ያኔ ነው።

ባለፈው ጥር የአባቴን ዲኤክስ ይዤ አንድ ጉዳይ ልጨርስ ሜክሲኮ ሄድኩ። ዲኤክስ ስላችሁ ያቺ በዕድሜ እኔን የምትበልጠው ቶዮታ ኮሮላ ናት። አባቴ እንደ ልጅ ነው የሚያያት፤ እንዲያውም አንዳንዴ ከእኔ ያስበልጣታል። ገና በሩን ሳልዘጋ በእኔ ዕድሜ ያለ ልጅ ባልዲ ይዞ መጣ። «ብሮ፣ ላጥባት? ጉዳይህን ጨርሰህ እስክትመጣ አበራልሃለሁ» አለኝ። እሺ አልኩት።

ጉዳዬ ቶሎ አለቀና ተመልሼ አጠገቡ ቆምኩ። ሲሠራ ሳየው የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ተነሳብኝና መቁጠር ጀመርኩ። ሦስት ቢጫ ጀሪካን ደርድሯል። እያንዳንዱ 20 ሊትር ይይዛል፤ በድምሩ 60 ሊትር። ውሃውን ከአንድ ግቢ ገዝቶ፣ ተሸክሞ ነው ያመጣው። ከመጀመሪያው ጀሪካን ቀድቶ ጣሪያው ላይ ሲደፋ ግማሹ መኪናዋን በደንብ ሳይነካ አስፋልት ላይ ወረደ። በገንዘብ የተገዛ፣ በጉልበት የመጣ ውሃ አይኔ እያየ ወደ ቱቦ ሄደ።

ሁለተኛውን ጨርሶ መኪናዋ አረፋ በአረፋ እንደሆነች ከወዲያ ጫፍ ፉጨት ተሰማ። ልጁ ባልዲውን አንስቶ ተሰወረ። ጀሪካኖቹ ግን ቀሩ። ተቆጣጣሪዎች መጥተው ወሰዷቸው። እኔ ሳሙና ከለበሰች ዲኤክስ ጋር መሃል መንገድ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ከአሥር ደቂቃ በኋላ ልጁ ተመልሶ መጣ። «ጀሪካኖቹስ?» አልኩት። «ሄዱ። ሌላ እገዛለሁ» አለኝ። አልተናደደም፣ አላለቀሰም። ለእሱ ወር ጠብቆ እንደሚከፈል ኪራይ የለመደው ወጪ ነው። ሂሳቡን ከፈልኩትና ሳሙናዬን ይዤ ወደ ቤት ነዳሁ።

እቤት ስደርስ ሳሙናው ደርቋል፣ ውሃ ደግሞ የለም። ፈረቃችን አልነበረም። በርሜሉ ውስጥ ያለችዋን እንዳልነካ እናቴ በዓይኗ ነገረችኝ። ያኔ ነው አልጋ ሥር ያለችው መርጫ ትዝ ያለችኝ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ በረኪና በጥብጠን የበር እጀታ ለመርጨት የገዛናት፣ ላይዋ ላይ ያለውን እጀታ ከፍ ዝቅ እያደረጉ አየር የሚሞሏት፣ አምስት ሊትር የምትይዝ ፕላስቲክ። አበባና ጓሮ አትክልት ላይ መርጫ ናት እንጂ የመኪና ዕቃ አይደለችም። ውስጧን ደህና አድርጌ አለቀለቅኳት፤ በረኪና ለቀለም ጠላት ነውና። ከዚያ ሞላኋት፣ አየር ሰጠኋት፣ ከጣሪያው ጀምሬ ወደ ታች ረጨሁ።

ሰባት ሊትር ገደማ ጨረሰች። ሳሙናው በሙሉ ለቀቀ። አባቴ ወጥቶ አያትና «ዛሬ ደግሞ ማን አጠባት?» አለኝ። እንግዲህ ይህን ጽሑፍ የወለደችው ያቺ ሰባት ሊትር ናት።

መጀመሪያ ስለ ዕቃዋ እናውራ፤ ተአምር የለባትም። ታንኳን እስከ አፏ አትሞሏትም፤ ሲሶ ያህል ለአየር ትተዋላችሁ። እጀታውን ስትገፉ አየር ወደ ውስጥ ይታመቃል፣ የታመቀው አየር ውሃውን በቀጭኑ ቱቦ ገፍቶ በአፍንጫዋ ያስወጣዋል። ውሃው ሲቀንስ ለአየሩ ቦታ ይሰፋለታል፣ ግፊቱ ይደክማል፣ እንደገና ትገፋላችሁ። አለቀ። መብራት አትፈልግም፣ ቤንዚን አትፈልግም፣ ቧንቧ አጠገብ መቆም አትፈልግም።

ግፊቷ ስንት ነው? የተለመዱት ርካሾቹ ሁለት ወይም ሦስት ባር አካባቢ ናቸው። በአንዲት ቪትስ ጎማ ውስጥ ያለው አየር ያህል ማለት ነው። ላቫጆ ቤት ያለው በመብራት የሚሠራው ማሽን ግን ከ100 ባር በላይ ይገፋል። ስለዚህ «መርጫ ማሽኑን ትተካለች» የሚላችሁ ካለ አትመኑት። መርጫ ጭቃ አትፈነቅልም። የእሷ ሥራ ሌላ ነው፤ ማራስ።

ማራስ ለምን ይጠቅማል የሚል ካለ የአባቴን መኪና ኮፈን በፀሐይ ልዩው። ክብ ክብ የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት ሞልቶበታል። የተጫረው በግጭት አይደለም፣ በመወልወል ነው። አዲስ አበባ ውስጥ መኪና ላይ የሚያርፈው አቧራ ዱቄት ብቻ አይደለም፤ ደቃቅ አሸዋ አለበት፣ በተለይ ግንባታ ባለበት ሰፈር። ደረቅ ጨርቅ ይዛችሁ ላዩ ላይ ስታሹ ብርጭቆ ወረቀት እንደማሸት ነው። ከቀለሙ በላይ ያለችው የምታበራው ግልጽ ሽፋን ደግሞ ውፍረቷ ከአንድ ተራ ወረቀት ያንሳል። በየቀኑ ጠዋት «አቧራውን ላራግፍ» ብላችሁ በደረቁ ስትወለውሉ የምታነሱት እሷን ነው።

መኪና ዲቴይሊንግ የሚሉት ሙያ መሠረቱ ይህ ነው። ከመንካትህ በፊት አርስ። ሻምፖ የተቀላቀለ ውሃ ትረጫለህ፣ ጥቂት ደቂቃ ትጠብቃለህ፤ እንዳይደርቅ ጥላ ውስጥ ቢሆን ይመረጣል። ውሃው በአሸዋዋና በቀለሙ መካከል ይገባል፣ ሳሙናው ያንሸራትታል። ከዚያ በለስላሳ ማይክሮፋይበር ጨርቅ ከላይ ወደ ታች ትሄዳለህ፤ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ አይደለም፣ ቆሻሻው ታች ነውና። ጨርቁን የምታጥብበት ባልዲና ሳሙናው ያለበት ባልዲ ለየብቻ ናቸው። በመጨረሻ መርጫዋን በንጹህ ውሃ ሞልተህ ታለቀልቃለህ። ውጭ አገር ውድ መኪና የሚያጥቡትም ሰዎች ዋናው ብልሃታቸው ይኸው ነው።

ይህን ሁሉ ካወቅኩ በኋላ አንድ ቅዳሜ መርጫዬን በፌስታል ይዤ ሜክሲኮ ሄድኩና ልጁን ፈለግኩት። አዲስ ጀሪካን ገዝቷል። መርጫዋን ሲያይ ሳቀ። «በዚህች? ፀጉር ቤት ነው እንዴ?» አለኝ። ዲኤክስን ሰጠሁትና አብረን ሞከርን። ለማራሻ ሦስት ሊትር፣ ለሁለቱ ባልዲዎች ስድስት ሊትር፣ ለማለቅለቂያ አምስት ሊትር። በድምሩ 14 ሊትር። አንድ ጀሪካን እንኳን አልሞላም። አስፋልቱ ረጠበ እንጂ አልጎረፈም።

አሁን ሂሳብ እንሥራ። ቁጥሮቹን ለስሌት ነው የምወስዳቸው፤ እናንተ በሰፈራችሁ ዋጋ ተኩባቸው። አንድ ጀሪካን ውሃ እስኪመጣ 20 ብር ያወጣል እንበል። በድሮው መንገድ ለአንድ መኪና ሦስት ጀሪካን፣ 60 ብር። በመርጫ 14 ሊትር፣ 14 ብር። በአንድ መኪና 46 ብር ይተርፋል። መርጫዋ፣ ሁለተኛው ባልዲና ጥቂት ማይክሮፋይበር አንድ ላይ 2,000 ብር ፈጁ ብንል፣ በ44ኛው መኪና ላይ ወጪው ይመለሳል። ልጁ በቀን አምስት መኪና ካጠበ ዘጠኝ ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ትርፍ የእሱ ነው።

ብሩን ተዉት፣ ክብደቱን አስቡት። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። በቀን አምስት መኪና በ60 ሊትር ማለት 300 ኪሎ ውሃ ከግቢ እስከ መኪና መሸከም ማለት ነው። ሦስት ኩንታል! በመርጫ 70 ኪሎ ይሆናል። ዩኒቨርሲቲ እያለን «ምርታማነት» የሚለውን ቃል በግራፍ ነበር የምናውቀው። እዚህ ግን የአንድ ልጅ ወገብ ነው።

ታዲያ ይህን ያህል የሚያዋጣ ከሆነ ለምን ሁሉም አይጠቀምበትም? ልጁን ጠየቅኩት። ሁለት መልስ ሰጠኝ፤ ሁለቱም ከመማሪያ መጽሐፍ የተሻሉ ናቸው።

አንደኛው፣ «የዛሬ ገቢ ለዛሬ ነው» አለኝ። ዘጠኝ ቀን የሚመልስ ወጪ እንኳን ቢሆን፣ መጀመሪያ 2,000 ብር በእጅ መኖር አለበት። ጀሪካኑ በተወሰደበት ሳምንት ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። ድህነት ሰውን የሚያስረው ትርፍ ስለማያውቅ አይደለም፣ መነሻዋ ስለምትጠፋው ነው። ለዚህ እኛ አገር መድኃኒቱ አለን፤ እቁብ። አራት አጣቢዎች በሳምንት 500 ብር ቢጥሉ በየሳምንቱ አንድ ሰው ሙሉ ዕቃውን ይይዛል። በወሩ አራቱም ይዘዋል።

ሁለተኛው መልስ ግን አስደነገጠኝ። «ደንበኛው ውሃ ሲፈስ ካላየ ታጥቧል አይልም» አለኝ። እውነቱን ነው! እኔ ራሴ የመጀመሪያውን ቀን ሦስት ጀሪካን ተደርድሮ ሳይ «ጥሩ ሠራተኛ ነው» ብዬ ነበር። ባለ መኪናው ጭረቱን አያይም፤ ጭረቱ የሚታየው ከወራት በኋላ በፀሐይ ነው። የሚያየው ጎርፉን ነው። ስለዚህ የሚከፍለው ለጥራት ሳይሆን ለትርኢት ነው። አጣቢው ደግሞ ሞኝ አይደለም፤ የሚከፈልበትን ያደርጋል። ውሃ ያባክናል የምንለውን ልጅ እንዲያባክን የምንከፍለው እኛ ነን።

እዚህ ላይ «ወንድሜ፣ ለአንድ ባልዲ ውሃ ይህን ያህል?» የሚል ይኖራል። እስቲ ኬፕ ታውንን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2018 ግድቦቿ ሊደርቁ ሲቃረቡ ከተማዋ ለአንድ ሰው በቀን የፈቀደችው 50 ሊትር ነበር፤ ለመጠጥ፣ ለምግብ፣ ለገላ፣ ለልብስ፣ ለመጸዳጃ፣ ለሁሉም። በቧንቧ ውሃ መኪና ማጠብ ክልክል ሆነ። እኛ ሜክሲኮ ላይ ለአንዲት ዲኤክስ 60 ሊትር አፈሰስን። ለአንድ ሰው ሙሉ ቀን ከተፈቀደው በላይ ማለት ነው። የእኛ ከተማ ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከአቃቂ ጉድጓዶች ውሃ እየሳበች አሁንም በፈረቃ የምትጠጣ ከተማ ናት። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነስቶ በርሜል የሚሞላ ሰው ይህን ለማስረዳት አይቸገርም።

ደግሞ መኪናዋም ራሷ ርካሽ ነገር አይደለችም። በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወሰነ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ። ይህ ማለት ደጃችሁ የቆመችው አሮጌ መኪና የምትተካ ዕቃ አይደለችም። ቀለሟን እንደገና ማስቀባት ስንት እንደሚያስወጣ ጋራዥ ሄዳችሁ ጠይቁ፤ ከዚያ ስለ ደረቅ ጨርቅ እንነጋገራለን።

ነገሩን አላጋንንም፤ መርጫ የማትችለው ብዙ ነው። ክረምት ላይ ከከተማ ወጥታ ጭቃ ተለውሳ የመጣች መኪና በመርጫ አትሞከርም። ጭቃው በግፊት መውረድ አለበት፤ ላቫጆ ውሰዷት። ሥሯን፣ የጎማ ጓዳዋን በመርጫ አታጸዱም። መርጫ የምትሆነው በሳምንት ሁለቴ አቧራ ለምትለብስ የከተማ መኪና ነው። ሜክሲኮ የሚቆሙት አብዛኞቹ ደግሞ እንደዚያ ናቸው። ሜትር ታክሲ የምትሠሩ ልጆችም ብትሆኑ፣ ጠዋት ሥራ ከመውጣታችሁ በፊት ግቢያችሁ ውስጥ በ14 ሊትር ትጨርሳላችሁ።

ልትገዙ ካሰባችሁ ከራሴ ስህተት የተማርኩትን ልንገራችሁ። የመጀመሪያዋ መርጫዬ ሁለት ወር ሳትሞላ ጎሚኒዋ አብጦ አየር መያዝ አቆመች። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የሞተር ቅባት የሚያስለቅቅ ጠንካራ ኬሚካል ጨምሬባት ነበር። ርካሽ መርጫ የተሠራችው ለውሃና ለተበጠበጠ መድኃኒት ነው። ሻምፖና ውሃ ትችላለች። ዲቴይሊንግ ቤቶች በብዙ እጥፍ የሚገዟቸው መርጫዎች ልዩነታቸው በአብዛኛው ጎሚኒው ላይ ነው። ለአሲድና ለማሟሟቻ የሚሆን አንድ ዓይነት አለ፣ እንደ ጠንካራ ሳሙና ላለው ደግሞ ሌላ ዓይነት አለ። ኬሚካል የማትጠቀሙ ከሆነ ያንን ልዩነት የምትከፍሉበት ምክንያት የለም።

ሥራ ስትጨርሱ ግፊቷን አስተንፍሱ፤ አየር እንደያዘች ፀሐይ ላይ አትተዉአት። በንጹህ ውሃ አንዴ ረጭታችሁ አስቀምጧት፤ አፍንጫዋ የሚደፈነው በደረቀ ሳሙና ነው። ወፍራም አረፋ ለምትወዱ አንድ ዘዴ አለ። ታንኳ ውስጥ ወደ ታች የሚወርደው ቱቦ ላይ፣ ከላይኛው ጫፍ ጠጋ አድርጋችሁ ትንሽ ቀዳዳ ትበሳላችሁ፤ አየር ከውሃው ጋር እየተቀላቀለ ይወጣል። አፍንጫዋ ውስጥ ቁራጭ ስፖንጅ ስትጨምሩ አረፋ ይሆናል። ቱቦው ላይ አልኩ እንጂ ታንኩ ላይ አላልኩም!

ሁለት ነገር ግን በጭራሽ አይሞከርም። አንደኛ፣ «ክንዴ ደከመ» ብላችሁ ጎሚስታ ቤት ወስዳችሁ በኮምፕረሰር አታስሞሏት። ያ ፕላስቲክ ለእጅ ግፊት ነው የተሠራው፤ ከተበተነ ፊት ላይ ነው። ሁለተኛ፣ ፀረ አረም ወይም ፀረ ተባይ የተረጨባትን አሮጌ መርጫ አትግዙ፣ ከዘመድም ተውሳችሁ አታምጡ። ታጠበች ቢሏችሁም አትመኑ። እጃችሁ ቀኑን ሙሉ ውስጡ ነው የሚውለው።

አሁን ወደ ፉጨቱ ልመለስ። ተቆጣጣሪዎቹ ለምን መጡ? እውነት ለመናገር ምክንያት አላቸው። የኮሪደር ልማቱ ከሜክሲኮ በሳር ቤት አድርጎ እስከ ወሎ ሰፈር መንገዱን ካደሰው ወዲህ፣ አዲሱ እግረኛ መንገድ ላይ ሳሙና ሲፈስ ማንም ደስ አይለውም። አንሸራቶት የወደቀ ሽማግሌም አይቻለሁ። በቱቦ የገባው ቆሻሻ ውሃ ደግሞ መጨረሻው ወንዝ ነው፤ ወንዞቻችን ወደ አቃቂ፣ አቃቂ ወደ አዋሽ ነው የሚሄዱት። እዚያ ታች በዚያ ውሃ ጎመን የሚያጠጣ ገበሬ አለ። ያንን ጎመን ተመልሰን የምንበላው እኛው ነን።

ግን እዚህ ላይ ነው የማልስማማው። የተከለከለው ምንድን ነው? ጎርፉ ነው ወይስ ልጁ? ጎርፉ ከሆነ፣ ጎርፍ የማያመጣ አሠራር ለያዘ ሰው መንገድ ሊተውለት ይገባል። ዛሬ 60 ሊትር የሚያፈሰውም 14 ሊትር የሚጠቀመውም እኩል ይሮጣሉ፣ እኩል ዕቃቸውን ይነጠቃሉ። እንደዚያ ሲሆን ማንም ሰው የተሻለ ዕቃ የሚገዛበት ምክንያት አይኖረውም። ነገ የሚወሰድብህን ነገር ዛሬ ርካሹን ትገዛለህ። ከጀሪካን የሚረክስ ደግሞ የለም። ስለዚህ ቅጣቱ ራሱ ልጁን ጀሪካን ላይ አስሮ ያቆየዋል።

የእኔ ሐሳብ ቀላል ነው። አስፋልት ዳር መታጠቡ ይቅር፣ እሺ። ግን በከተማው በማኅበር ተደራጅተው ፓርኪንግ የሚያስተዳድሩ ወጣቶች አሉ፤ ሕንጻዎቹም ሥራቸው ሙሉ ቀን መኪና የሚቆምባቸው ወለሎች አሏቸው። እዚያ ውስጥ በመርጫና በሁለት ባልዲ ብቻ፣ ቱቦ ሳይጎትቱ፣ ማጠብ ይፈቀድ። ባልዲው ውስጥ የሚቀረው ቆሻሻ ውሃ ወደ ጎርፍ መውረጃ ሳይሆን ወደ መጸዳጃ ፍሳሽ ይደፋ። ለቁጥጥርም አይከብድም፤ ቱቦ ወይም የጀሪካን ሰልፍ ካለ ክልክል፣ ከሌለ ይሥራ። ተቆጣጣሪ ሊትር መለካት አይጠበቅበትም፣ በዓይኑ ያየዋል።

«ሳሙና እኮ 14 ሊትርም ውስጥ አለ» የሚለኝ ሰው ትክክል ነው። አለ። መርጫ ብክለትን አታጠፋም፣ ታሳንሰዋለች፤ ከቀረውም ከፊሉን ባልዲ ውስጥ ታስቀምጥላችኋለች። የፈሰሰን ውሃ መሰብሰብ አይቻልም፣ ባልዲ ውስጥ ያለን ግን የት እንደሚደፋ መምረጥ ይቻላል። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም።

እኔና ልጁ አሁን ምን ላይ ነን? መርጫዋን ትቼለት ሄድኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስመለስ አፍንጫዋ ተሰብሮ በሌላ ፕላስቲክ ተጠግኗል፣ ግን ትሠራለች። ሁለት የባንክ ሠራተኞች ቋሚ ደንበኛ ሆነውለታል፤ መኪናቸው ሕንጻው ሥር እንደቆመ ይሠራል። አንደኛዋን እንዴት እንዳሳመናት ጠየቅኩት። «እትዬ፣ ግማሹን በድሮው፣ ግማሹን በዚህ ልጠብና በፀሐይ ይዩት አልኳቸው» አለኝ። ከእኔ ዲግሪ የተሻለ የገበያ ጥናት ነው።

አሁንም ግን አንድ ጀሪካን ከግንቡ ጀርባ ደብቆ ያስቀምጣል። «ለምን?» አልኩት። «ውሃ ካላዩ የማያምኑ አሉ» አለ።

እንግዲህ ነገ መኪና ይዛችሁ ሜክሲኮ የምትመጡ፣ ወይም አባታችሁ መኪና የሚያሳጥብ ከሆነ፣ አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ። «ስንት ጀሪካን ትጨርሳለህ?» በሉት። ትንሽ የሚጠቀመውን ምረጡ፣ ዋጋውንም እንዳትቀንሱበት። ያ ልጅ ሁለተኛውን ጀሪካን የሚተወው ደንብ ሲወጣ ብቻ አይደለም፤ እናንተ ጎርፉን ሳታዩ ስትከፍሉት ነው።